ሥዕሌ ከሁለት ዓመት በኋላ ይከፈትልኛል ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ውሃ ቀለም ስትይዝ እጇ የተባረከ ነው፤ ወረቀቱን ሳትነካ ነጭ አድርጋ የምትተወው ቦታ ብቻውን ሙያዋን ይናገራል። «ጋሼ፣ ዲጂታል ልጀምር ነው። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ? የምጠይቀው ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ» አለችኝ። መንገድ ላይ ስለነበርኩ በደንብ አልመለስኩላትም። ይህንኑ ጥያቄ እናንተም በውስጥ መስመር ስለምትልኩልኝ፣ ለእሷም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው።

ከራሴ ልጀምር። ለረጅም ዓመታት የሠራሁት በዘይት ቀለምና በአክሪሊክ ነው። ወደ ኮምፒውተር የወሰደኝ የልጆች መጽሐፍ ነው። ደራሲው «የልጅቷ ቀሚስ ቀይ ይሁን» ይላል፤ አሳታሚው «ዛፉ ወደ ግራ ይጠጋ፣ ጽሑፍ የሚገባበት ቦታ ጠፋ» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በወረቀት ከሆነ ግን ገጹን እንደገና መሣል ነው። ስለዚህ በጊዜው ሰው ሁሉ የሚያወራለትን፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበትን አንድ ፕሮግራም ያዝኩ። ክፍያውን የሚፈጽምልኝ አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነበር።

አንድ ዓመት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ የወንድሜ የባንክ ካርድ ጊዜው አልፎበት ተቀየረ። እሱ የእኔን ክፍያ ረስቶታል፤ እኔም ካርዱ መቀየሩን አላወቅሁም። 24 ገጽ ካለው መጽሐፍ 17ኛው ገጽ ላይ ሳለሁ ፕሮግራሙ ተቆለፈ። ሥዕሎቼ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ አሉ፣ ስማቸው ይታየኛል፣ ግን አይከፈቱም። ጉዳዩ እስኪስተካከል ሦስት ቀን ፈጀ፤ ለማስረከብ የቀረኝ ደግሞ አምስት ቀን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሸራ ላይ የሣልኩትን ሥዕል፣ ቀለም የሸጠልኝ ሰው ቤቴ መጥቶ ሊሸፍንብኝ አይችልም። ታዲያ ይህኛው የማን ሥዕል ነው?

ከዚያ ወዲህ ስለ ማንኛውም የሥዕል ሶፍትዌር ስጠየቅ፣ ከብሩሹ ብዛትም ከዋጋውም በፊት አንድ ነገር አያለሁ። ዛሬ የሣልኩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋ፣ ዶላር ባይገኝ፣ ይከፈትልኛል ወይ? ለእኛ አገር ሠዓሊ ርካሹን ከውዱ የምለየው በዚህ ነው።

ዋጋውንም ቢሆን እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል ፕሮግራም የያዘ ሠዓሊ፣ ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምርበት ወጪው ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከፍሎ የጨረሰን ሰው ግን ያ ቀን አልነካውም። በነፃ የሚሠራውንም እንደዚያው።

«ታዲያ ክራክ የተደረገውን መጫን አይሻልም?» የሚለኝ አይጠፋም። አልመክርም። አንደኛ፣ ማን እንደከፈተው የማይታወቅ ፕሮግራም ከነቫይረሱ ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ቀን የዓመታት ሥራቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ይከብደኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕልና ለመጽሐፍ የሰጠውን ጥበቃ ለኮምፒውተር ፕሮግራምም ሰጥቷል። ሥዕላችን ካለ ፈቃዳችን ካላንደርና ቲሸርት ላይ ታትሞ ስናገኘው ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቃለን። ለራሳችን የምንለምነውን ክብር ለሌላ ሠሪ መንፈግ አይሆንልኝም። ደግሞስ በዚህ ዘመን ምን አስገደደን?

አሁን ወደምጠቀምበት ልምጣ። ክሪታ ይባላል፤ ስሙ በስዊድንኛ ጠመኔ ማለት ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ኬዲኢ በሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ሲሆን፣ በኋላ ሠሪዎቹ ሙሉ ትኩረታቸውን ለሠዓሊ አደረጉት። ይህ ትኩረት ይታያል። ጊምፕ የሚባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው፣ መልካም ነው፣ ግን የፎቶ ሰው ነው፤ ክሪታ ስትከፍቱት ግን ሥዕል የሚሠራ ሰው ያደራጀው ክፍል ውስጥ እንደገባችሁ ይሰማችኋል። ከመቶ በላይ ብሩሽ አብሮት ይመጣል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ አንድሮይድ ታብሌት ላይም አለ፤ አይፓድ ላይ ግን የለም።

ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድ ምንም አይከፈልበትም። ማይክሮሶፍት ስቶርና ስቲም ላይ ዋጋ ተለጥፎበት ብታዩት አትደናገጡ፤ ያ ሠሪዎቹን መደገፊያ መንገድ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ነው። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ፈቃዱን ነው። አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ገልብጣችሁ ለጓደኛ መስጠት ትችላላችሁ፤ ይህን ፈቃዱ ራሱ ይሰጣችኋል። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከአንድ ፍላሽ ለሠላሳ ሰው ያህል ጭኛለሁ፤ አንድም ቀን እንደ ሌባ አልተሰማኝም።

«ነፃ ከሆነ ለጀማሪ ነው» የሚል ካለ የዳቪድ ረቮይን ሥራ ይመልከት። ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው፤ «ፔፐር ኤንድ ካሮት» የተባለውን በሥዕል የሚነገር ታሪክ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪታ እየሠራ ለዓለም በነፃ ይለቃል። ምንጭ ፋይሎቹን ጭምር ነው የሚለቀው። ያንን ፋይል ከፍታችሁ ሌየር የሚባሉትን የሥዕሉን ንብርብሮች አንድ በአንድ እያጠፋችሁና እያበራችሁ መመልከት ማለት፣ የአንድ ሠዓሊ ስቱዲዮ ገብታችሁ ሸራው እንዴት እንደተገነባ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ማየት ማለት ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን ይህን የሚያሳየን መምህር ማግኘት ዕድል ነበር።

ሌየር የሚለውን ነገር ከወረቀት የመጣ ሰው መጀመሪያ ይፈራዋል። አትፍሩት፤ ታውቁታላችሁ። ውሃ ቀለም ላይ የመጀመሪያው ቀጭን ቀለም እስኪደርቅ ጠብቃችሁ በላዩ ሌላ ቀጭን ቀለም ስታሳልፉ፣ የታችኛው በላይኛው ውስጥ ያበራል። ክሪታ ላይ አዲስ ሌየር ከፍታችሁ ሁኔታውን «መልቲፕላይ» ስታደርጉት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከሥር ያለውን ሳይሸፍን ያጠቁረዋል። ልዩነቱ እስኪደርቅ አለመጠበቁ ነው። ባህላዊ ሥዕል የለመዳችሁ ደግሞ ጥቁሩን መስመር በአንድ ሌየር ከላይ፣ ቀለሙን ከሥሩ በሌላ አስቀምጡ፤ ቀለም ሲሞላ መስመሩ አይቆሽሽም። ከሦስት ወይም ከአራት ሌየር በላይ በመጀመሪያው ወር አትክፈቱ።

ትልቁ ጥያቄ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ነው። «ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ይችላል?» ትሉኛላችሁ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ለኅትመት የሚሆን ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። አንዱ ፒክስል አራት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ቀለም የሞላበት አንድ ሌየር 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። ሃያ ሌየር 700 ሜጋ ባይት ነው። 4 ጊጋ ራም ካላችሁ ዊንዶውስ ራሱ አንድ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ በቀረው በጥቂት ሌየር ኤ4 መሥራት ይቻላል። ኤ3 ከሆነ ሁሉም እጥፍ ነው፤ 8 ጊጋ ቢኖራችሁ ይሻላል። ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን «ይንቀራፈፋል» ብሎ የሚጥለው፣ ለፌስቡክ የሚለጥፈውን ሥዕል በፖስተር መጠን ስለሚከፍተው ነው። ለስክሪን ብቻ ከሆነ በወርዱ 2000 ፒክስል ይበቃል።

መብራት ስለሚሄድም አስቡበት። ክሪታ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል፤ ልዩነቱን ማሳጠርም ትችላላችሁ። ስክሪን የሌለው የሥዕል ታብሌት ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሚያገኝ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ይሠራል። ባለ ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳ ኃይል ይፈልጋል። ለዚህም ለዋጋውም ስል ለጀማሪ ስክሪን የሌለውን እመክራለሁ። እጃችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይናችሁ ስክሪን ላይ መሆኑ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ያበሳጫል፤ ከዚያ አካላችሁ ይረሳዋል። ዋኮም፣ ሂዮንና ኤክስፒ ፔን የሚሠሯቸው ትንንሽ ታብሌቶች ሁሉም ለዚህ ይበቃሉ። ሻጩ «ይህ 8192 የግፊት ደረጃ አለው፣ ያኛው 2048 ነው» ቢላችሁ በእሱ ምክንያት ብር አትጨምሩ፤ እጃችሁ ልዩነቱን አይለየውም። እስክሪብቶው ቻርጅ የማይፈልግ መሆኑን ግን ጠይቁ።

ላፕቶፕ ለሌላችሁ፣ በስልክ መጀመር አያሳፍርም። ስልካችሁ አንድሮይድም ይሁን አይፎን አይቢስ ፔይንት ወይም ሜዲባንግ ፔይንት ይጫንላችኋል፤ ሁለቱም የጃፓን ሥራዎች ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ማስታወቂያ ያሳያሉ። አይቢስ ላይ አንዳንድ ብሩሾች የሚከፈቱት ማስታወቂያ ስታዩ ነው፤ ዳታ ይበላል፣ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የሣላችሁበትን ሂደት እየቀዳ በቪዲዮ ማውጣቱ ለማስተማርም ሥራው የራሳችሁ መሆኑን ለማሳየትም ይጠቅማል። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው ጫፉ ጎማ የሆነ እስክሪብቶ ግን የእጃችሁን ግፊት አይረዳም፤ ጣት ከመጠቀም ብዙ አይለይም። መስመሩ በስልክ ላይ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ማረጋጊያ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍ አድርጉት። የሳምሰንግ ኤስ ፔን ያለው ስልክ ወይም ታብሌት በእጁ ያለ ሰው ግን ሳያውቀው ጥሩ የሥዕል መሣሪያ ይዟል፤ ያ እስክሪብቶ ግፊትን ይረዳል።

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ የምትከታተሉኝ አንዳንዶቻችሁ አይፓድ አላችሁ። ለእናንተ መልሱ አጭር ነው፦ ፕሮክሬት። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታዝማኒያ ላይ ያለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አፕ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ 13 ዶላር ይከፈላል፣ አለቀ። ወር መጣ ብሎ የሚያንኳኳ የለም። እዚህ አገር ላለ ሰው ግን አይፓዱንና እስክሪብቶውን ጨምሮ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አፑ ርካሽ ነው፣ የሚኖርበት ቤት ግን ውድ ነው። ለ13 ዶላር አፕ ብሎ አይፓድ በብድር የገዛ ወጣት አውቃለሁ፤ እንደዚያ አታድርጉ።

የኮሚክ ሥራ ለምታስቡ ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት አለ። ገጽ በክፍል መክፈል፣ የንግግር አረፋ፣ መስመር ማሳመር ላይ ከእሱ የሚበልጥ አላየሁም። ነገር ግን ስትገዙ አስተውሉ፦ ለዊንዶውስና ለማክ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚገዛ አለው፤ ለታብሌትና ለስልክ ግን በወር ወይም በዓመት የሚከፈል ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ዓይነት ውል። የቱን እንደምትፈርሙ ሳታዩ ካርድ አታስገቡ። ቅናሽ የሚያደርግባቸው ጊዜያት ስላሉ የማይቸኩል ሰው ይጠብቅ።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ቀርቶ ያዘንኩበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለውሃ ቀለምና ለዘይት ቀለም ሰው ከሶፍትዌር ምርጫ ይበልጣል። ክሪታን በከፈትኩ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ አስቀመጥኩ፣ ጎኑ ሰማያዊ አስቀመጥኩ፣ ለሣር የሚሆን አረንጓዴ ላወጣ ቀላቀልኳቸው። የመጣው ግራጫ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ግራጫ። እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር የጠፋበት መሰለኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቀለም ወረቀት ላይ ሲቀላቀል እያንዳንዱ ከሚያርፍበት ብርሃን የየራሱን ይውጣል፤ ቢጫና ሰማያዊ ሁለቱም ሳይውጡት የሚቀረው አረንጓዴው ነው። ስክሪን ግን የሚያበራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሁለት ቀለም ቀላቅሉ ሲባሉ የቁጥሮቹን አማካይ ይወስዳሉ። የቢጫና የሰማያዊ አማካይ ግራጫ ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ሥራው ሒሳብ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ስትፈልጉ ከቀለም ክቡ ላይ አረንጓዴውን በቀጥታ ምረጡ።

እኔን የፈወሰኝ ግን ሌላ ዘዴ ነው። ከአሮጌ ቀለሞቼ ወረቀት ላይ ቀላቀልኩ፤ የእኔን ቢጫ፣ የእኔን ሰማያዊ፣ በመሃላቸው የሚወለዱትን አረንጓዴዎች፣ የአፈሩን ቡናማ፣ የሰውን ቆዳ ቀለም በአራት ብርሃን። በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳሁት፣ ክሪታ ውስጥ ከፈትኩት፣ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ የምፈልገውን ቀለም ከፎቶው ላይ እነካለሁ፤ ብሩሼ እሱን ይይዛል። ሃያ ዓመት የሰበሰብኩት የቀለም ዕውቀት እንዲህ አድርጎ ከእኔ ጋር ወደ ስክሪኑ ገባ። ዛሬም በዚያችው ወረቀት ነው የምሠራው።

እንደ እውነተኛ ቀለም ካልተቀላቀለልኝ የሚል፣ ጥሩ ኮምፒውተርም ያለው፣ ሪቤል የሚባል የስሎቫኪያ ሥራ አለለት። ውሃው ወረቀቱ ላይ ሲፈስ፣ ሲደርቅ ይታያል፤ ፕሮ የሚባለው ደረጃ ላይ ቢጫና ሰማያዊ በእርግጥ አረንጓዴ ይወልዳሉ። አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው። ግን ላፕቶፕን ያደክማል፤ ለመጀመሪያ አልመክረውም።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁ ጠይቃችኋል። በክሪታ ፖስተር ላይ ፊደል መደርደር አስቸግሮኛል። ሥዕሉን ክሪታ ላይ ጨርሼ፣ ፊደሉን ኢንክስኬፕ ላይ እጨምራለሁ፤ እሱም ነፃ ነው። አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ፊደሎችም በነፃ ይወርዳሉ፤ ለሽያጭ ሥራም ይፈቀዳሉ።

ፋይላችሁን በሁለት መልክ አስቀምጡ። አንዱ በፕሮግራሙ በራሱ፣ ሌየሮቹ እንዳሉ። ሌላው በፒኤንጂ፣ ማንኛውም መሣሪያ ሊከፍተው በሚችል መልክ። ሌላ ሰው የሚቀጥለው ሥራ ከሆነ፣ ሌየሮቹን እንደያዘ ሌላ ፕሮግራም የሚከፍተውን ፒኤስዲም አውጡለት፤ ክሪታም፣ ፕሮክሬትም፣ ክሊፕ ስቱዲዮም፣ አይቢስም ያወጡታል። የማያወጣ ፕሮግራም ካገኛችሁ ዋጋው ዜሮ ቢሆንም ለእኔ ውድ ነው። ከ17ኛው ገጽ በኋላ አንድም ሥዕል በአንድ ፕሮግራም እጅ ብቻ ትቼ አላደርኩም።

ተማሪዬ፣ ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያለሽ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ይበቃሻል። ሶፍትዌር አትግዢ። ያጠራቀምሽውን ብር ለትንሽ ታብሌት አድርጊው፤ ስክሪን የሌለው፣ እስክሪብቶው ቻርጅ የማይፈልግ። ክሪታን እኔ ፍላሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ ቅዳሜ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ። ለመጀመሪያው ወር ሁለት ብሩሽ ብቻ ያዢ፣ አንድ እርሳስና አንድ ክብ። ኤም የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ እዩ እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የነበረውን ስህተት ያሳይሻል። አዲስ ነገር አትሣዪ። ባለፈው ዓመት በውሃ ቀለም የሠራሻትን ጀበናና ረከቦቱን ከጎንሽ አስቀምጪና እሷኑ ድገሚያት። የቀለም ወረቀትሽንም ይዘሽ ነይ፣ አብረን ፎቶ እናነሳዋለን፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ጥሩ ብርሃን አለው።